የ1.7 ሰከንዱ ልዩነት፦ አንድ ልኬት የስበት ንድፈ ሐሳቦችን እንዴት እንዳጣራ

ነሐሴ 11 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ኦገስት 17 ቀን 2017፣ በአዲስ አበባ ሰዓት ከቀኑ 9፡41 ላይ ሁለት ኒውትሮን ኮከቦች (እጅግ የታመቁ የሞቱ ከዋክብት ቅሪቶች) ተጋጭተው የፈጠሩት የስበት ሞገድ፣ ማለትም የጠፈር-ጊዜ ርግብግቢት፣ ምድር ደረሰ። 1.7 ሰከንድ ቆይቶ ከዚያው የሰማይ አቅጣጫ የጋማ ጨረር ብልጭታ መጣ። ሁለቱም 130 ሚሊዮን ዓመት ያህል ተጉዘው ነው የደረሱት። በዚህች ልዩነት ምክንያት ለዓመታት ሲገነቡ የቆዩ በርካታ የስበት ንድፈ ሐሳቦች ከጨዋታ ውጭ ሆኑ።

ጉዳዩን ጽፌ ለማስቀመጥ የተነሣሁት በኮስሞሎጂ ውስጥ ክርክር በዚህ ያህል ፍጥነትና ግልጽነት ሲቋጭ እምብዛም ስለማይታይ ነው። ስለ ክስተቱ ብዙ ተነግሯል። እንዴት ለፍርድ ሊበቃ እንደቻለ፣ ፍርዱም የት ድረስ እንደሚዘልቅ ግን ብዙ ጊዜ ተድበስብሶ ይታለፋል። የሰዎቹን ስም ትቼ ሥራቸውን ብቻ አነሣለሁ፤ መሣሪያዎቹና ንድፈ ሐሳቦቹ በታወቁበት ስም ይጠራሉ። ካልተገለጸ በስተቀር ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዳራ

የአንስታይን የስበት ንድፈ ሐሳብ ከ1915 ጀምሮ በፀሐይ ዙሪያ የቀረበለትን ፈተና ሁሉ አልፏል። ካሲኒ የተባለችው መንኮራኩር በ2002 ወደ ሳተርን ስትጓዝ የሬዲዮ ምልክቷ በፀሐይ አጠገብ እንዲያልፍ ተደርጎ ነበር። የፀሐይ ስበት በምልክቱ ላይ ያሳደረው ተጽዕኖ ሲለካ ከአንስታይን ስሌት ጋር ተስማማ። የልኬቱ ስሕተት ቢበዛ ከመቶ ሺህ ጥቂት እጅ ነው።

እንቆቅልሹ የሚጀምረው ርቀቱ ሲሰፋ ነው። የጋላክሲዎች ጠርዝ ላይ ያሉ ከዋክብት፣ የሚታየው ቁስ ብቻ ቢስባቸው ኖሮ ሊኖራቸው ከሚገባው በላይ በፍጥነት ይዞራሉ። በ1998 ደግሞ የሩቅ ሱፐርኖቫዎችን ብርሃን የለኩ ሁለት ቡድኖች፣ የዩኒቨርስ መስፋፋት እየዘገመ ሳይሆን እየፈጠነ እንደሆነ ደረሱበት። ዛሬ የተለመደው ሒሳብ እንዲህ ይላል፦ የምናውቀው ቁስ 5 በመቶ፣ ዳርክ ማተር (በስበቱ ብቻ የሚታወቅ የማይታይ ቁስ) 27 በመቶ፣ ዳርክ ኢነርጂ (መስፋፋቱን ያፋጥናል የሚባለው ኃይል) 68 በመቶ። 95 በመቶው ምንነቱ ያልታወቀ ነው ማለት ነው።

ለዳርክ ኢነርጂ ቀላሉ መልስ አንስታይን ራሱ በ1917 ያስገባው ኮስሞሎጂያዊ ቋሚ ነው። ይህ ቋሚ ከምልከታው ጋር ይስማማል። ችግሩ መጠኑ ላይ ነው። የኳንተም ፊዚክስ ለባዶ ቦታ ከሚገምተው ኃይል ጋር ሲነጻጸር የተለካው ዋጋ እጅግ ያነሰ ነው፤ ልዩነቱ በተለመደው የግምት አካሄድ ከ1 ቀጥሎ 120 ያህል ዜሮ ያለው ቁጥር ይሆናል። በፊዚክስ ታሪክ ከዚህ የከፋ የግምትና የልኬት አለመጣጣም አላውቅም።

ስለዚህ ብዙዎች ሌላ መንገድ ሞከሩ። ምናልባት የጎደለ ነገር የለም፤ በታላላቅ ርቀቶች ላይ የተሳሳተው የስበት ሕጉ ይሆናል አሉ። በ1983 የቀረበው ሞንድ የተባለው ሐሳብ፣ ፍጥንጥነት ከአንድ እጅግ ትንሽ መጠን በታች ሲወርድ የኒውተን ሕግ ይለወጣል በማለት የጋላክሲዎችን ሽክርክሪት ያለ ዳርክ ማተር አስረዳ። በ2004 ከአንጻራዊነት ጋር እንዲጣጣም ሆኖ ቴቬስ በሚባል ንድፈ ሐሳብ ተዋቀረ። የዩኒቨርስን መፋጠን ለማስረዳት ደግሞ ከስበት ጋር የሚጣመር አንድ ተጨማሪ ስኬላር ፊልድ የሚጠቀሙ ንድፈ ሐሳቦች በዙ። ስኬላር ፊልድ ማለት በየቦታው አንድ ቁጥር ብቻ ያለው፣ አቅጣጫ የሌለው መስክ ነው፤ የአየር ሙቀትን ማሰብ ይቻላል። ከ2008 ወዲህ ጋሊሊዮን በሚል የወጡት ሞዴሎች ያለ ኮስሞሎጂያዊ ቋሚ መፋጠንን ስለሚያስገኙ ብዙ ተስፋ ተጥሎባቸው ነበር።

እነዚህን ሁሉ በአንድ ማዕቀፍ የሚያቅፍ ሒሳብ ለካ በ1974 ታትሞ ነበር። አንድ ስኬላር ፊልድ ያላቸውን፣ እኩልታቸው ከሁለተኛ ደረጃ የማያልፍ ንድፈ ሐሳቦች በሙሉ በአንድ ቀመር የሚጠቀልለው የሆርንደስኪ ሥራ ከሠላሳ ዓመት በላይ ብዙ ሰው ሳያየው ቆየ። ጸሐፊውም ከፊዚክስ ርቆ ሠዓሊ ሆኖ ነበር። በ2011 ገደማ ሌሎች ተመራማሪዎች ወደዚያው ውጤት በራሳቸው መንገድ ሲደርሱ የድሮው ጽሑፍ ከመደርደሪያ ወረደ። ቀመሩ ከ2 እስከ 5 ቁጥር የተሰጣቸው አራት ክፍሎች አሉት። የኋላው ታሪክ የሚዞረው ቁጥር 4 እና ቁጥር 5 በተሰጣቸው፣ ከዚህ በኋላ አራተኛና አምስተኛ በምላቸው ክፍሎች ላይ ነው።

ችግሩ

ከ2011 በኋላ ችግሩ የሐሳብ እጥረት ሳይሆን የሐሳብ ብዛት ሆነ። አራቱን ክፍሎች እንደፈለጉ በመምረጥ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ሞዴሎች መሥራት ይቻላል። ብዙዎቹም የዩኒቨርስን የመስፋፋት ታሪክ ከኮስሞሎጂያዊው ቋሚ ጋር በማይለይ መልኩ ማስመሰል ይችላሉ።

ይባስ ብሎ እነዚህ ንድፈ ሐሳቦች በቅርብ እንዳይፈተኑ የሚሸሸጉበት ዘዴ ነበራቸው። የካሲኒን ዓይነት ልኬት ለማለፍ፣ ተጨማሪው ፊልድ ቁስ በተከማቸበት ቦታ ሁሉ ራሱን መደበቅ አለበት። በጋሊሊዮን ሞዴሎች ውስጥ ይህ ከሒሳቡ ራሱ ይወጣል። በፀሐይ ዙሪያ የፊልዱ ተጽዕኖ ይታፈናል፣ በጋላክሲዎች መካከል ባለው ባዶ ቦታ ግን ይነቃል። ይህ ብልሃት ማታለያ አይደለም፤ ከሒሳቡ በሐቅ የሚመጣ ነው። ውጤቱ ግን ላብራቶሪም ሆነ በፀሐይ ዙሪያ የሚደረግ ልኬት ሊደርስባቸው አለመቻሉ ነበር። የጋላክሲዎችን ስርጭት በመቁጠር የሚደረገው ፈተና ደግሞ ዓመታት ይፈጃል፣ በሌሎች ግምቶችም ይጨማለቃል።

የሚያስፈልገው መልእክተኛ በራሱ በስበት የተሠራ፣ ፊልዱ ባልታፈነበት ባዶ ቦታ ረጅም መንገድ የሚጓዝ፣ ሰዓቱም በትክክል የሚታወቅ መሆን ነበረበት።

ከክስተቱ በፊት የተሠራው

ለእኔ የዚህ ጉዳይ እምብርት ይህ ክፍል ነው። ላይጎ የተባለው መመርመሪያ የመጀመሪያውን የስበት ሞገድ በሴፕቴምበር 2015 ያዘ። በዚያው ሰሞንና በሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት ጥቂት ንድፈ ሐሳብ አውጪዎች አንድ ቀላል ጥያቄ ይዘው ተቀመጡ፦ በእነዚህ ሞዴሎች ውስጥ የስበት ሞገድ ፍጥነት ስንት ነው?

በአንስታይን ንድፈ ሐሳብ መልሱ የማያወላውል ነው። ብርሃንም የስበት ሞገድም በአንዱ ጠፈር-ጊዜ ላይ ስለሚሄዱ ፍጥነታቸው እኩል ነው። በሆርንደስኪ ማዕቀፍ ግን አራተኛው ክፍል በፊልዱ የለውጥ ፍጥነት ላይ የተመሠረተ ከሆነ፣ ወይም አምስተኛው ክፍል ጨርሶ ካለ፣ ፊልዱ ከጠፈር-ጊዜ ጉብጠት ጋር በቀጥታ ይጣመራል። ያን ጊዜ የስበት ሞገዱ ብርሃን ከሚሄድበት በተለየ መንገድ ይሄዳል፤ ይፈጥናል ወይም ይዘገያል። የዩኒቨርስን መፋጠን ለማስረዳት የሚበቃ ጥምረት ካለ ደግሞ የፍጥነቱ ልዩነት ትንሽ ሊሆን አይችልም።

ተመራማሪዎቹ ይህን በግልጽ አተሙት። የኒውትሮን ኮከቦች ግጭት ሞገድና ብርሃን አብረው ከታዩ እነዚህ ሞዴሎች እንደሚወድቁ ልኬቱ ሳይደረግ በፊት ጻፉ። ከጸሐፊዎቹ አንዳንዶቹ ለዓመታት የደከሙት በእነዚሁ ሞዴሎች ላይ ነበር። የገዛ ሐሳባቸው የሚሞትበትን ሁኔታ አስቀድመው በወረቀት ላይ ማስቀመጣቸውን ከመላው ታሪክ አስበልጬ አከብረዋለሁ።

የቁጥሩን ክብደት ለማየት ሒሳቡን እንሥራው። ሞገዱ ከብርሃን በመቶ አንድ እጅ ብቻ ቢለይ፣ ከ130 ሚሊዮን ዓመት ጉዞ በኋላ በመካከላቸው 1.3 ሚሊዮን ዓመት ይኖራል። ሁለቱን ምልክቶች ማንም ሊያገናኛቸው አይችልም ነበር። በቢሊዮን አንድ እጅ ብቻ ቢለያዩ እንኳ አንዱ ከሌላው 47 ቀን ያህል ዘግይቶ ይደርስ ነበር።

የዕለቱ ሥራ

ሁለቱ የላይጎ መመርመሪያዎች በአሜሪካ ሃንፎርድና ሊቪንግስተን ይገኛሉ። በጣሊያን ያለው ቪርጎ ከእነርሱ ጋር ማዳመጥ ከጀመረ ገና ሦስተኛ ሳምንቱ ነበር። የምልከታው ዘመን ሊዘጋ የቀረው ደግሞ ስምንት ቀን ነው። ቀድሞ የጮኸው ፈርሚ የተባለችው የጋማ ጨረር ሳተላይት ነበረች፤ ብልጭታውን ካየች ከ14 ሰከንድ በኋላ በራስ ሰር ማስታወቂያ ላከች። የላይጎ ፈጣን ፍለጋ ደግሞ በስድስት ደቂቃ ገደማ ውስጥ በሃንፎርድ መረጃ ላይ የኒውትሮን ኮከቦችን የሚመስል ምልክት አገኘ።

በሃንፎርድ ብቻ መሆኑ ግራ የሚያጋባ ነበር። ከሁለቱ የበለጠ ጆሮ የነበረው ሊቪንግስተን ምንም አላለም። ሰዎች መረጃውን ከፍተው በዓይናቸው ሲያዩት ምክንያቱ ወጣ። ከግጭቱ 1.1 ሰከንድ ቀደም ብሎ መመርመሪያውን ለጥቂት ሺኛ ሰከንዶች ያጨናነቀ ኃይለኛ የጩኸት ምት ተከስቷል። የማጣሪያው ፕሮግራም ያንን አይቶ የሊቪንግስተንን ምልክት ጥሎታል። በድግግሞሽና በጊዜ በተሣለው ሥዕል ላይ ግን ከታች ተነሥቶ ወደ ላይ እየሾለ የሚወጣው ረጅም መስመር ጥርት ብሎ ይታያል፤ ጩኸቱ በላዩ ላይ እንደ ቀጥ ያለ ዓምድ ቆሟል። ምልክቱ በመመርመሪያዎቹ የመስሚያ ክልል ውስጥ 100 ሰከንድ ያህል ቆይቷል፤ ጩኸቱ የያዘው ከዚያ ውስጥ ቅንጣቱን ነው። ባለሙያዎቹ መጀመሪያ ያችን ቅንጣት ጠርዟን አለስልሰው ቆረጧት፤ በኋላ ለመጨረሻው ትንተና የጩኸቱን ቅርጽ በሒሳብ ሠርተው ከመረጃው ቀነሱት።

የመጀመሪያው መልእክት ለቴሌስኮፕ ባለሙያዎች የደረሰው ከግጭቱ 40 ደቂቃ በኋላ ነው። ቦታውን ለይቶ ለማመልከት ግን ሰዓታት ፈጀ። ሁለቱ የላይጎ መመርመሪያዎች ብቻ 190 ካሬ ዲግሪ ያህል ሰማይ ያሳያሉ፤ ይህ ለአንድ ሌሊት ፍለጋ ሰፊ ነው። እዚህ ላይ የረዳው የቪርጎ ዝምታ ነበር። ቪርጎ እየሠራ ሳለ በመረጃው ውስጥ ምልክቱ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። በርቀቱ ቅርበት በግልጽ መስማት ሲገባው ካልሰማ፣ ምንጩ ያለው እርሱ ደካማ በሚሆንበት አቅጣጫ ነው። ይህ ሲጨመር ቦታው ወደ 31 ካሬ ዲግሪ ጠበበ። ካርታው የወጣው በአዲስ አበባ ሰዓት ከምሽቱ 3 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ነው።

በቺሊ ላስ ካምፓናስ ያለ ስዎፕ የተባለ አንድ ሜትር ስፋት ያለው ቴሌስኮፕ የሚጠቀም ቡድን ሰማዩን በጭፍን ከማሰስ ይልቅ፣ በተገመተው ርቀትና በካርታው ክልል ውስጥ ያሉትን ጋላክሲዎች በዝርዝር አስቀምጦ አንድ በአንድ ማየት መረጠ። ክልሉ ፀሐይ ከጠለቀች ብዙ ሳይቆይ ስለሚጠልቅ ጊዜው አጭር ነበር። ግጭቱ ከተሰማ 11 ሰዓት ገደማ በኋላ ኤንጂሲ 4993 በተባለ ጋላክሲ ዳር ላይ ከዚህ በፊት ያልነበረ ነጥብ ብርሃን አዩ። በዚያው አንድ ሰዓት ውስጥ ሌሎች ቡድኖችም በየራሳቸው አገኙት።

የሒሳቡ ጥንቃቄ

ውጤቱ በጥቅምት 6 ቀን 2010 ዓ.ም. ይፋ ሲሆን ከብዙ ጽሑፎች ጋር አብሮ የወጣው የፍጥነት ስሌት ቀላል ነው። ጥንካሬው ያለው በግምቶቹ አመራረጥ ላይ ነው። ስሌቱ ለ130 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቀት አልተሠራም። ከሞገዱ ብቻ ከተገኘው የርቀት ግምት ዝቅተኛው ጠርዝ፣ 85 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ተወሰደ። ርቀቱ ባነሰ መጠን ገደቡ ስለሚላላ ይህ ምርጫ የተመራማሪዎቹን ውጤት የሚያዳክም ነው። እያወቁ መረጡት።

ሁለተኛው ግምት የጋማ ጨረሩ መቼ ተነሣ የሚለው ነው። ብልጭታው ከግጭቱ ጋር እኩል ከተነሣ ሞገዱ ቢበዛ 1.7 ሰከንድ ቀድሟል ማለት ነው። ብልጭታው ዘግይቶ ከተነሣ ደግሞ ብርሃኑ በመንገድ ላይ ሞገዱን በከፊል ደርሶበት ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ እስከ 10 ሰከንድ መዘግየት ተፈቀደ። የ85 ሚሊዮን ዓመት ጉዞ በሰከንድ ሲቆጠር 2,700 ትሪሊዮን ሰከንድ ያህል ነው። ስለዚህ የስበት ሞገድ ከብርሃን ቢፈጥን ከ10,000 ትሪሊዮን ከ7 እጅ አይበልጥም፣ ቢዘገይም ከ1,000 ትሪሊዮን ከ3 እጅ አይበልጥም። ከዚያ በፊት በሁለቱ የላይጎ ጣቢያዎች መካከል ባለው የመድረሻ ልዩነት የተገኘው ገደብ ከመቶ በአሥርዎች የሚቆጠር እጅ ነበር።

የወደቀውና የተረፈው

ከይፋው ማስታወቂያ በኋላ በቀናት ውስጥ ትርጓሜውን የያዙ ጽሑፎች ወጡ፤ አራቱ በዲሴምበር 2017 በአንድ የፊዚካል ሪቪው ሌተርስ እትም ላይ ተከታትለው ታተሙ። እንዲህ የፈጠኑት አብዛኛው ሒሳብ ቀድሞ ስለተሠራ ነው።

ከሆርንደስኪ ማዕቀፍ አምስተኛው ክፍል ተሰረዘ። አራተኛው በፊልዱ ዋጋ ላይ ብቻ እንዲመሠረት ተገደደ። አራተኛና አምስተኛ ክፍሎችን የሚጠቀሙት ጋሊሊዮኖች፣ ከነራስ-አፋጣኝ መፍትሔዎቻቸው፣ ወደቁ። ክፍሎቹ እርስ በርስ ተጣፍተው ፍጥነቱን እኩል ሊያደርጉት አይችሉም ወይ ተብሎ ተጠይቋል። በወረቀት ላይ ይቻላል። ነገር ግን መጣፋቱ በእያንዳንዱ ዘመንና በእያንዳንዱ ቦታ፣ ባዶውንም ቁስ የሞላበትንም አቋርጦ፣ እስከ አሥራ አምስተኛው አኃዝ ድረስ መጠበቅ አለበት። ይህን ሊቀበል የሚፈልግ ሰው ብዙ አይደለም፤ እኔም አልቀበለውም።

ቴቬስ በመጀመሪያ ቅርጹ ሌላ መሰናክል ገጠመው። ዳርክ ማተርን የሚያስመስሉ አንዳንድ ንድፈ ሐሳቦች ብርሃን ዳርክ ማተር እንዳለ ሆኖ በሚታጠፍ ጠፈር-ጊዜ እንዲጓዝ፣ የስበት ሞገድ ግን የሚታየው ቁስ ብቻ በሚያጎብጠው እንዲጓዝ ያደርጋሉ። በመንገዱ ላይ ያለው ስበት በብርሃን ላይ የሚያሳድረው መዘግየት ተሰልቶ ወደ 400 ቀን ተገኘ። ሞገዱ ያ መዘግየት ባይደርስበት ኖሮ ከብርሃኑ ከአንድ ዓመት በላይ ቀድሞ በደረሰ ነበር።

የተረፉትም ጥቂት አይደሉም። ከ1961 ጀምሮ ያለው የብራንስና ዲክ ንድፈ ሐሳብ፣ የኤፍ-አር ስበት፣ ቀላሉ የኪውንተሰንስ ፊልድ የሞገዱን ፍጥነት ስለማይነኩ አልተነኩም። ሦስተኛውን ክፍል ብቻ የሚጠቀመው ጋሊሊዮንም የፍጥነቱን ፈተና ያልፋል፤ እርሱን ያስቸገረው በጀርባ ጨረር (ከዩኒቨርስ መጀመሪያ የቀረው ጨረር) እና በጋላክሲዎች ስርጭት መካከል የሚታየው ዝምድና ነው። የ1983ቱ የሞንድ ቀመር ስለ ስበት ሞገድ ምንም ስለማይል ይህ ልኬት አልፈረደበትም።

ያልሠራው

ሦስት ነገሮች ከተጠበቀው በታች ሆኑ።

አንደኛው የዩኒቨርስ የመስፋፋት ፍጥነት ነው። ከሞገዱ ርቀትን፣ ከጋላክሲው ብርሃን የመራቅ ፍጥነትን በመውሰድ ሃብል ቋሚው ሲሰላ በየሜጋፓርሴኩ (3.26 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ) በሰከንድ 70 ኪሎ ሜትር ወጣ፤ የስሕተት ወሰኑ ግን ወደ ላይ 12፣ ወደ ታች 8 ነበር። ክርክሩ የጀርባ ጨረሩን በለካው በፕላንክ ሳተላይት 67.4 እና በሱፐርኖቫዎች 73 መካከል ነው። ሁለቱም በወሰኑ ውስጥ ስለሚገቡ ልኬቱ ማንንም አልረዳም። መንገዱ ከሌሎቹ የርቀት መሰላሎች ነጻ ስለሆነ ውድ ነው፤ ግን ብዙ ክስተቶች ይፈልጋል።

ሁለተኛው የዜናው አቀራረብ ነው። «የስበት ለውጥ ሐሳብ ሞተ» የሚለው ርዕስ በብዙ ቦታ ተደጋገመ። የሞተው አንድ ትልቅ ቅርንጫፍ ነው። ይህ ጉዳት አለው፤ ወጣት ተማሪዎች የተረፉትን ሞዴሎች ሳያዩ መስኩ የተዘጋ መስሏቸው ሊሄዱ ይችላሉ።

ሦስተኛው ጥልቅ ነው፣ ሊዘለል አይገባም። ላይጎ የሚሰማው ከአሥር ጥቂት ከፍ ካለ እስከ ሺህዎች ኸርዝ ያለውን ነው። ዳርክ ኢነርጂ የሚሠራበት ልኬት ግን የዩኒቨርስ ስፋት ነው፤ በድግግሞሽ ሲተረጎም ከላይጎ በእጅጉ ያነሰ፣ በኸርዝ ከነጥብ በኋላ ብዙ ዜሮ ያለው ነው። በ2018 ሁለት ተመራማሪዎች፣ ከእነዚህ ሞዴሎች ብዙዎቹ የሚያገለግሉበት የድግግሞሽ ጣሪያ ላይጎ ከሚያዳምጠው ጋር እንደሚቀራረብ አሳዩ። ጣሪያው አጠገብ ሞዴሉ በራሱ መተማመን የለበትም፤ በዝቅተኛ ድግግሞሽ የተለየው ፍጥነት ወደ ጣሪያው ሲጠጋ ወደ ብርሃን ፍጥነት ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ ፍርዱ ሙሉ የሚሆነው የሞዴሉ ስሌት እስከ ላይጎ ድግግሞሽ ይጸናል ብለን ስንቀበል ነው። ክርክሩ ሽሽት አይመስለኝም። ሊለካ የሚችል ነገር ይተነብያልና።

ወደ ሌላ ሥራ የሚወሰድ

ከዚህ ጉዳይ የምወስደው የመጀመሪያው ነገር ጊዜን ይመለከታል። የሞዴሎቹ ውድቀት በቀናት ውስጥ ሊነበብ የቻለው የመውደቂያቸው ሁኔታ ቀድሞ ስለተጻፈ ነው። ልኬቱ ከመጣ በኋላ ቢጻፍ ኖሮ እያንዳንዱ ደራሲ ሞዴሉን የሚያድንበት ተጨማሪ መለኪያ ይፈልግ ነበር። በግብርና ሙከራም ይሁን በሕክምና ጥናት ወይም በተማሪ የመመረቂያ ሥራ፣ ምን ቢታይ ሐሳቤን እተዋለሁ የሚለው ዓረፍተ ነገር መረጃው ከመሰብሰቡ በፊት ሊጻፍ ይችላል። ሊጻፍ ካልቻለ ሙከራው ገና አልተነደፈም።

ሁለተኛው በሊቪንግስተን የታየው ነው። የማጣሪያ ፕሮግራሙ ሥራውን በትክክል ሠርቷል፤ ጩኸት አየ፣ ጣለ። የጣለው ግን በአሥርት ዓመታት ድካም የተጠበቀውን ምልክት ነበር። ማጣሪያ የሚጥለውን ነገር የሚያይ ሰው በሥርዓቱ ውስጥ መኖር አለበት፤ በተለይ ሁለት ምስክሮች ሊስማሙ ሲገባ አንዱ ዝም ሲል።

የቪርጎ ጉዳይ ደግሞ ከዚሁ ጋር ይያያዛል። አለመስማት መረጃ የሚሆነው መሣሪያው እየሠራ እንደነበርና የት አቅጣጫ ደካማ እንደሆነ በትክክል ሲታወቅ ብቻ ነው። መሣሪያውን አስቀድሞ መለካትና ድክመቱን መመዝገብ አሰልቺ ሥራ ነው። ያ ዕለት ግን ያ መዝገብ ሰማዩን አጠበበው።

ከሁሉም በላይ ለተማሪዎች የምነግራቸው ፈተናን ስለ መምረጥ ነው። በፀሐይ ዙሪያ የሚደረግ ልኬት ምን ያህል ቢረቅ ራሱን የሚደብቅ ፊልድ አይዝም ነበር። የስበት ሞገድ ያዘው፣ መንገዱ አብዛኛው ፊልዱ በማይታፈንበት ባዶ ቦታ ስለሆነ ነው። ተመራማሪ ቀድሞ ያለውን ልኬት ከማርቀቁ በፊት ሐሳቡ የት ላይ ሊሸሸግ እንደማይችል መጠየቅ ይኖርበታል።

የገደብ አጻጻፉም ሊወረስ የሚገባ ልማድ ነው። ርቀቱን ዝቅ፣ መዘግየቱን ከፍ አድርጎ ማስላት ገደቡን ቢያላላውም የውጤቱን ተአማኒነት አላዳከመውም። ተቃዋሚው ሊል የሚችለውን አስቀድሞ ሰጥቶ የተረፈው ቁጥር ነው ሁሉም የተቀበለው።

አሁን ያለበት ሁኔታ

መስኩ አልቆመም። በፕራግ የሚሠሩ ሁለት ተመራማሪዎች የሞንድን ሐሳብ ከአንጻራዊነት ጋር ዳግም አዋቅረው በ2021 አሳተሙ፤ አዲሱ ንድፈ ሐሳብ የስበት ሞገድ በብርሃን ፍጥነት እንዲሄድ ተደርጎ የተሠራ ሲሆን የዩኒቨርስን የጀርባ ጨረርም ያስረዳል። የ2017ቱ ልኬት እዚህ ላይ ከፈራጅነት ወደ ንድፍ መነሻነት ተሸጋግሯል። ዴሲ የተባለው ጥናት ደግሞ በ2025 ከ14 ሚሊዮን በላይ ጋላክሲዎችና ኳሳሮችን ተጠቅሞ ዳርክ ኢነርጂ ከጊዜ ጋር እየተለወጠ ሊሆን እንደሚችል ፍንጭ ሰጠ። ፍንጩ በየትኛው የሱፐርኖቫ ስብስብ እንደተጣመረ ከ2.8 እስከ 4.2 ሲግማ (የማስረጃ ጥንካሬ መለኪያ) ይለያያል፤ ለግኝት የሚጠየቀው 5 ነው። ቢጸና ከ2017 የተረፉት ሞዴሎች እንደገና ይመረመራሉ፣ ምርመራውም ቀድሞ በጠበበ ክልል ውስጥ ይሆናል።

የድግግሞሹ ጥያቄ ግን ክፍት ነው። የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት በጃንዋሪ 2024 ያጸደቃት ሊሳ የተባለችው ተልእኮ በ2035 ገደማ ትመጥቃለች ተብሎ ይጠበቃል። ሦስት መንኮራኩሮቿ እርስ በርስ በ2.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ተራርቀው ከላይጎ ሺህ ጊዜና ከዚያም በላይ የዝቅተኛ ድግግሞሽ ሞገዶችን ያዳምጣሉ። ሞገዱ በዚያ ክልል ከብርሃን የተለየ ፍጥነት ቢኖረው፣ ድግግሞሹ እየጨመረ ሲሄድ ፍጥነቱም ስለሚለወጥ የምልክቱ ቅርጽ በመንገድ ላይ ይዛባል። ይህን መዛባት ለመፈለግ የሚታይ ብርሃን እንኳ አያስፈልግም። ምን ያህል መዛባት የትኛውን ሞዴል እንደሚጥል የሚያሳዩ ስሌቶች ከአሁኑ እየታተሙ ነው።